የወርሻ ሦስት እንቁላሎች

እኛ በጀርመን የምንኖር ሶርቦች ዘንድ የክርስትና እናት መሆን ቀልድ አይደለም። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው በየፋሲካው ሦስት ያጌጡ እንቁላሎች ይሰጡታል። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ነጭ ልብስ ይሰፋለታል፤ እሱም እጅ ነሥቶ ያመሰግናል፤ አደራው ያን ጊዜ ይወርዳል። እኔ ግን ሞትም አደራ ያወርዳል ብዬ አሰብኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

የክርስትና ልጆቼ የታናሽ እህቴ የሃንዣ ሁለት ሴት ልጆች ናቸው። ትልቋ ወርሻ በጥር ሳምባዋን ታማ በስምንት ዓመቷ ሞተች። ማድሌና ስድስት ዓመቷ ነው።

በሕማማት ሃንዣ መጣችና ወንበር ሳትስብ እንደቆመች፣ «ሌይና፣ ዘንድሮ ለወርሻ እንዳትሠሪ» አለችኝ።

«ማን እሠራለሁ አለሽ?»

«አውቅሻለሁ እኮ። ወሳጅ የሌለው ሦስት እንቁላል ባይ እንደገና አልጋ ላይ ነው የምወድቀው። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ገና መብላት የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነበር፤ እንዴት እምቢ ልበላት?

ስቅለት ዕለት ግን እጄ ለምዶበት ኖሮ ስድስት እንቁላል በስቼ፣ ነፍቼ አስኳሉን አውጥቼ፣ በኮምጣጤ ውኃ አጥቤ ደርድሬአለሁ። ሦስቱ የወርሻ ድርሻ ነበሩ። መጣልም አልሆነልኝም፤ መደርደሪያው ላይ እንዲሁ ነጫቸውን ተውኳቸው። የማድሌናን ሦስቱን የዝይ ላባ ጫፍ ሰም ውስጥ እየነከርኩ የተኩላ ጥርስ የሚባለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ጌጥ ሳልኩባቸው፤ ልጅን ከክፉ ይጠብቃል ይባላል። ከታች እንደ ወጉ ዕድሜዋን፣ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ቀይ ቀለም ውስጥ ነከርኳቸውና ሰሙን በሻማ አቅልጬ ጠረግሁት። ጎረቤቶቼ ባዶ ቅርፊት ያስጌጣሉ፤ እኔ ውስጡን ቸኮላት እሞላለሁ። በመንደሩ ልጆች ዘንድ የተወደድኩት በጸባዬ እንዳይመስላችሁ።

ቅዳም ስዑር ጠዋት ቸኮላቱን አቅልጬ በተጠቀለለ ወረቀት አፈሰስኩ፤ ሲረጋ ቀዳዳውን በሰም ደፈንኩ። ዶሮዎቼን አብልቼ ስመለስ አንዱን አነሳሁት። ቀለለኝ። ሌሎቹንም አነሳሁ፤ ሦስቱም ባዶ ናቸው። ሰሙ እንዳለ ነው፤ የአውራ ጣቴ አሻራ እንኳ አልተነካም።

ድመቷን ረገምኳት። የትኛዋ ድመት ናት በልታ መልሳ የምትደፍን? ሰሙን ፍቄ እንደገና ሞላሁ። ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ አንድ እንጨት ጨመርኩ፤ ዞር ስል እንደገና ባዶ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወርሻ የራሷን ስትጨርስ ሁሌ የማድሌናን ትበላ ነበር። «አይዞሽ፣ የእኔ ሲመጣ እከፍልሻለሁ» ትላት ነበር ያቺ ሌባ።

ለሦስተኛ ጊዜ አልሞላሁም። የቀረኝ ቸኮላት ለሦስት እንቁላል ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ደግሞም ፈርቼ ነበር።

በፋሲካ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማድሌና ድልድዩን ተሻግራ ብቻዋን መጣች። ከስታለች። ገብታ በሩን ክፍት ተወችው።

«ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ነው።»

«ወርሻ ውጭ ናት፣ አክስቴ። የእሷስ አለ?»

ቀና ብዬ አየሁ። በሩ ላይ ማንም የለም፤ የአጥሩ መዝጊያ ብቻ ገርበብ ብሏል።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ከክርስትና እናቴ ቤት ባዶ እጄን አልመለስም አለች። የእሷ ካልተሠራ እኔን ይዛኝ ትሄዳለች።» ጫማዋን እያየች ነው የነገረችኝ። «እሺ ብያታለሁ። ብቻዋን ስለሆነች።»

መሐላዬን እዚያው ጣልኩት። ማድሌናን በግራ ክንዴ ስር ወሽቄ ነጮቹን ቅርፊቶች አወረድኩ፤ ሰሙን አሞቅሁ። እየቸኮልኩ የተኩላ ጥርሶቹን ወልጋዳ አድርጌ ሳልኩ። ከታች ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ማድሌና ወደ በሩ ጆሮዋን አዘነበለች።

«ተሳስተሻል ትላለች። በመጋቢት ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል።»

እንባዬ ቅርፊቱ ላይ ተንጠባጠበ። ፍቄ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ቀለም ነከርኩ፣ ጠረግሁ፣ የቀረኝን ቸኮላት ሞልቼ ደፈንኩ፤ ሦስቱንም ይዤ ወጥቼ የአጥሩ ድንጋይ ላይ አኖርኳቸው። «እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ» አልኩ። ለማን እንደምል ባላይም ድምፄን አልሰበርኩም። ስመለስ የማድሌናን እንቁላሎች አነሳሁ። ሦስቱም ከብደዋል። ወርሻ እዳዋን ከፍላለች።

ሃንዣ ልጇን ፍለጋ ስትመጣ ከአጥሩ ድንጋይ አንዱን አንስታ አገኘኋት። ገልብጣ አነበበችው። እጇ ላይ እንዳለ ስመዝነው ባዶ ሆኖ ቀልሎ ነበር፤ ሰሙ ግን እንዳለ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነው ዘጠኝ ያለው?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያለችው ራሷ ወርሻ ናት። ይቅር በይኝ፣ ማድሌናን ልትወስድብን ነበር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እንቁላሉን ጉያዋ አስገባች።

«አሥራ ሁለት እስኪሞላት ሦስት ዓመት ነው የቀራት» አለች። «ከዚያ ነጩን ልብስ ትሰፊላታለሽ። አመስግናሽ ትሂድ።»

«በምን ልክ ልስፋው፣ ሃንዣ? በማን ልክ?»

ማድሌና ከኋላችን መጥታ ቆማ ነበር። መዳፏን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ አየሩ ላይ አሳረፈችው።

«አሁን እስከዚህ ናት» አለች። «በየዓመቱ እነግርሻለሁ።»