ጥያቄ አሥራ አራት

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን ለመሙላት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀባት። ቅጹ አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ነው። እኔ በሰው አገር ስማር እንዲህ ያለውን ቅጽ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሞልቼ ልኬያለሁ፤ ያ ችኮላ ምን ዓይነት ትምህርት እንዳስመረጠኝ ግን ባይነሳ ይሻላል። ሁለት ዲግሪ ይዤ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በሁለቱ ዓመት ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሬያለሁ።

ልጅቷን ቤት ውስጥ «ጠበቃዋ» ነው የምንላት። በአራት ዓመቷ ለጎረቤት ድመት ጥብቅና ቆማ፣ ጥፋተኛው ወተቱን የደፋችው ድመት ሳትሆን ክዳኑን ያልገጠመው ሰው ነው ብላ እናቷን ረትታለች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቷት ሁለት ፌርማታ አልፋ በእግሯ የምትመለስበት ቀን አለ።

ሐኪሟ ስሙን ነግሯታል፤ የጭንቀት ሕመም። ልቧ ሳትሮጥ ይሮጣል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ውስጥ አየር ያጥራታል። አምና በመግቢያ ፈተናው ቀን አራት መቶ ሰው ከተቀመጠበት አዳራሽ በሃያ ደቂቃ ወጣች። ደንቡ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈትነው። የዘንድሮው የመጨረሻዋ ነው።

ጥያቄ አሥራ አራት ላይ የቆመችውም ለዚህ ነው። «በፈተና ወቅት በጤና ምክንያት የተለየ ሁኔታ ያስፈልግዎታል?» ይላል። «አዎ» የሚል ሰው የሐኪም ደብዳቤ አያይዞ ትንሽ ክፍል ውስጥ ከጥቂት ሰው ጋር ይፈተናል። «አይ» የሚል አዳራሽ ይገባል።

እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የሳሎኑ ግማሽ ኮሌታ ነው፤ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ እጅጌ ማንሳት ያስፈልጋል።

«አዎ ካለች ማኅደሯ ላይ ይቀመጣል» አለች ክር በጥርሷ እየበጠሰች። «ነገ ሥራ ስትፈልግ፣ ትዳር ስትይዝ፣ ‹እሷ እኮ ጤነኛ አይደለችም› ይሏታል። የሰው አፍ በምን ይዘጋል?»

«እትዬ፣ ማመልከቻ እንጂ የሠርግ ጥሪ አይደለም። ማን ያነበዋል?»

«አንተ ደግሞ! መጀመሪያ አንድ ሥራ ላይ እርጋ፣ ከዚያ ትመክረኛለህ።»

ይቺ ነካችኝ፤ ሶፋው ላይ ያለውን እጅጌ ማጠፍ ጀመርኩ።

«እኔ እዚህ ነኝ እኮ» አለች ጠበቃዋ ከኮሌታው ክምር ጀርባ።

«አውቃለሁ የኔ እናት። ላንቺው ብዬ ነው» አለች እህቴ።

ይህ ቤት አንድ ልማድ አለው። ስልኳ ሲጮኽ እናቷ ታነሳላታለች። ሱቅ እናቷ ትሄድላታለች። ሐኪሙ «ምን ይሰማሻል?» ሲል እንኳ የምትመልሰው እናቷ ናት። ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ስተች ኖሬያለሁ። «ለራሷ የተዋችሁላት ማስነጠስ ብቻ ነው» ብዬ ሥቄባቸዋለሁ።

ቅጹ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋ ነበር። ሐሙስ ረፋድ እህቴ የሰፋችውን ልታስረክብ ወጣች፤ ጠበቃዋ የኔን ኮምፒውተር ይዛ ተቀመጠች። ከአንዷ ጥያቄ በቀር ሁሉም ተሞልቷል።

«ጋሼ፣ አዎ ልል ነው» አለችኝ። ወዲያው ፊቷ ነጣ፤ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ስታስመልስ ተሰማኝ። ከዚያ የውኃ ድምፅ ብቻ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ቀረ። አሥር ቀረ። ስጠራት አትመልስም። ዘጠኝ ሲቀር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። «አዎ» የሚለውን ስነካው ደብዳቤ አያይዙ አለኝ። ደብዳቤው የት እንዳለ አላውቅም። ከነጭራሹ ከሚቀር ብዬ «አይ» የሚለውን ነካሁና ላክሁት።

በሩ ተከፈተ። ፊቷን ታጥባ ወጣች።

«ላክሁልሽ» አልኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ።

«አሥራ አራትን ምን አልክ?»

ነገርኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

«ሐኪሙ ‹አሥር ደቂቃ ጠብቂው፣ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል› ብሎኛል። ጠበቅሁት፤ ወረደ። ደብዳቤው ከወንበርህ ጀርባ ቦርሳው ውስጥ ነው። ገና ስድስት ደቂቃ ነበረኝ።» ድምፅዋን አላነሳችም። «እኔ ጠበቅሁት። አንተ ነህ ያልጠበቅከው።»

ስልኬን አንስቼ ሬጅስትራር ልደውል ስል «ተው፣ ጋሼ» አለች። መመሪያውን አሳየችኝ። የተላከ ቅጽ የሚታረመው አመልካቹ ራሱ በአካል ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ያውም በዚያው ቀን ከሥራ መውጫ በፊት።

አብሬያት ሄድኩ። የሬጅስትራሩ መስኮት ድርብ መስታወት ነው፤ ድምፅ የሚያልፈው በእጅ መዳፍ በማትበልጥ ቀዳዳ ነው። ከኋላችን ሃያ ሰው ይሆናል። ሹራብ የደረበች ጸሐፊ ቀና ሳትል «ምን ነበር?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ጠበቃዋ እግሬን ረገጠችኝ። በስህተት አልነበረም።

«ማመልከቻዬን... ላሳርም ነው።»

«ጮክ በይ የኔ ልጅ፣ አይሰማም።»

ደብዳቤው እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ መስታወቱን ይመታ ነበር። «ጥያቄ አሥራ አራት ‹አይ› ተብሎ ተልኳል። ትክክሉ ‹አዎ› ነው።»

«ማን ነው አይ ያለው?»

«አጎቴ።»

ከኋላ አንዱ «አጎት ነው ባላጋራ?» አለ፤ ሰልፉ ሳቀ። ጠበቃዋ አልሳቀችም፤ አልወጣችምም።

«ምክንያቱ?»

«የጭንቀት ሕመም አለብኝ» አለች። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በቀዳዳው ስባ አነበበችው። «ኃላፊው ይፍቀደው። ተቀመጡ።»

አግዳሚው ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጥን። በመካከል ሕመሙ መጣባት፤ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ትስባለች፣ በአፏ ታወጣለች። ውኃ ላምጣ፣ ሰው ልጥራ፣ እንሂድ ልበላት አልኩ፤ አንዱንም አላልኩም። ምንም አለማድረግ ይህን ያህል ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዛሬም በትክክል ያደረግሁት መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ናት። «አሥራ አራትን ምን አላችሁ? አንተ ንገረኝ።»

ስልኩን ለልጅቷ ሰጠሁ።

«እማዬ፣ አዎ ብያለሁ። ሰው ፊት ነው ያልኩት» አለች። ብዙ አዳመጠች። «ገባኝ። ስመጣ ትቆጪኛለሽ» ብላ ዘጋችው።

ጸሐፊዋ በጣቷ መስታወቱን አንኳኳች። «ተፈቅዷል። ትንሿ ክፍል፣ ስምንት ሰው። እዚህ ጋ ፈርሚ። አንቺ፣ አጎትሽ አይደለም።»

ፈረመች። እጇ ገና አልረጋም፤ መስመሩ እየተጠማዘዘ ከሳጥኑ ወጣ። ጸሐፊዋ ከልጅቷ መታወቂያ ፊርማ ጋር አስተያየችው።

«ይሄ እኮ ካርድሽ ላይ ያለውን አይመስልም።»

«ዛሬ እንዲህ ነው» አለች ጠበቃዋ።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ማኅተሙን አነሳች፣ እፍ አለችበትና መታችው።