ዐሠርቱ አልተባለም

ንፋስ መውጫ ስማር፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቴን መምህር እሸቴ ከጠመኔው ጋር መሳቢያቸው ውስጥ ይቆልፉበት ነበር፤ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ጧት ጧት ከሰልፍ በፊት ፊታቸው ቆሜ እስባለሁ፤ ትንፋሼን ስይዝ እሳቸው ይቆጥራሉ። ልጅ ሳሉ ጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ የሚቆጥሩት በግእዝ ነው፦ «አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ...» እኔ የባለሱቁ የዑስማን ልጅ ረውዳ፣ ግእዝ ምኔ ነው? ተናድጄ አስር ሳይሞላ ከተነፈስኩ ይጮሁብኛል፤ «ማን ተንፍሺ አለሽ? ዐሠርቱ አልተባለም!»

ነፍሳቸውን ይማር። ትናንት ለልጄ ለሀዋ የአስም መድኃኒቷን ስሰጣት፣ አፌ ሳይታወቀኝ «አሐዱ፣ ክልኤቱ» አለ። ትንፋሿን ለቀቀችና «እማ፣ ቁርኣን ነው እንዴ?» አለችኝ።

«የመምህር እሸቴ ነው» አልኳትና ተቆጣሁ፤ «ደግሞ ማን ተንፍሺ አለሽ? ዐሠርቱ አልተባለም!»