ሰባተኛው ቤት

ሞላ ጉድ የሆነው በገዛ እጁ ነው። ሌላ ሰው ያደረገበት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚረግመው አያጣም ነበር። እሱ ግን ማንን ይርገም? ሥራውን የሠራውም፣ በሥራው የኮራውም፣ ለአገር ሁሉ ያሳየውም እሱው ራሱ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ከጓደኛው ከሙባረክ ጋር ሆነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራሉ። ቢሮ ይበሉት እንጂ ከሙባረክ አባት የጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ላፕቶፕ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የምትንጫጫ ባትሪ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ቀኑን ሙሉ የባጃጅ ጥሩምባ። ለሆቴሉም ለመጋዘኑም የጠየቁትን ይሠሩላቸዋል፤ እንጀራቸው እሱ ነው። የሞላ ነፍስ ግን ሌላ ቦታ ነበረች፤ ዘር የሚቆጥረው ፕሮግራም ላይ።

ዘር መቆጠሩን መቼም የማያውቅ የለም። ሁለት ልጆች ከመጋባታቸው በፊት በአባትም በእናትም ወደ ላይ ሰባት ቤት ይቆጠርላቸዋል። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ በቃ፣ ነገሩ ይፈርሳል። ችግሩ ቆጣሪው እያለቀ ነው። የዛሬን ልጅ ከቅድመ አያትህ በላይ ያለውን ንገረኝ ቢሉት ዐይኑን ያፈጣል፤ የሚያውቁትም አንድ በአንድ አፈር እየገቡ ነው። ሞላ ይህ ነገር ቆጭቶት ስልኩን ይዞ ተስካር ለተስካር፣ ማኅበር ለማኅበር ዞረ። ከይፋግ እስከ ገሳይ ያሉ አረጋውያንን ድምፅ ቀዳ። ከቀዳቸው ውስጥ ስንቱ ዛሬ በሕይወት የለም! ያንን ሁሉ ቃል ግራፍ ዳታቤዝ በሚባለው ነገር ውስጥ አስገባው። ዳታቤዙ እያንዳንዱን ሰው አንድ ነጥብ ያደርገዋል፣ ወላጅን ከልጅ ደግሞ በመስመር ያገናኘዋል። ሁለት ስም ሰጥተው የት ይገናኛሉ ብለው ሲጠይቁት መስመሩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና የደረሰበትን ያመጣል።

ታዲያ ዳታቤዙ የሚጠየቅበት የራሱ ቋንቋ አለው፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ደግሞ ሌላ ነው። ሙባረክ «ምን ያጨናንቅሃል? ጥያቄውን እንደ ጽሑፍ አድርገህ ላክለት፣ ይመልስልሃል» ብሎት ነበር። ሞላ አሻፈረኝ አለ። እንደ ጽሑፍ ከላኩት ፕሮግራሙ ውስጡን አያይም፤ ስህተት ቢኖርበት ማንም ሳይነግርህ ያልፋል። ስለዚህ የመጠየቂያውን ቋንቋ ራሱን በፕሮግራሙ ቋንቋ ውስጥ ከተተው። ጥያቄው ከሌላው ኮድ ጋር አብሮ የሚጻፍ፣ አብሮ የሚመረመር ሆነ። እንቅልፉን ትቶ ነው የሠራው። ሲጨርስ «ከእንግዲህ ብሳሳት እንኳ ማሽኑ ራሱ ይይዘኛል» እያለ ይፎክር ነበር። አይ ሞላ!

በዚህ መሀል ነው እመቤትን የወደዳት። እመቤት ገሳይ ላይ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ሳቂታ ናት፣ ስታወራ እጇ አያርፍም። ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ አባቷ ጋሼ ደምሴ ልጁን ወደዱት። ግን ነገር ገባቸው። «የኛ ዘር ከእብናት ነው የመጣ። የሱም እናት ፈንታነሽ ትውልዷ ወደ እብናት ይመዘዛል ይላሉ። ሳይቆጠር አልሰጥም» አሉ። ይቆጠር ቢባል የሚቆጥር ጠፋ። በሁለቱም ወገን አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ መንተባተብ ጀመረ። ያኔ ሞላ ላፕቶፑን ይዞ ሄደና ሽማግሌዎቹ ፊት ማሽኑን ጠየቀው። መልሱ ባዶ መጣ። የሚገናኙበት ሰው የለም። ጋሼ ደምሴ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ይባርክ» አሉ።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ይፋግ ላይ የሞላ እናት ጌሾ ማስወቀጥ ጀመረች፤ ገሳይ ላይ የዳሱ እንጨት ተቆርጦ በር ላይ ተከምሯል። ሞላ ደግሞ መንገድ ላይ ብቻውን ሲስቅ መታየት ጀመረ፤ ጤነኛ ሰው ከሠርጉ በፊት እንዲህ ነው የሚሆነው።

በታኅሣሥ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙባረክ ፕሮግራሙ ዘገየብኝ ብሎ ፍጥነቱን ሊለካ ፈለገ። የሞላን አሠራር ወደ ጎን ተወና ጥያቄውን በዳታቤዙ በራሱ ቋንቋ በቀጥታ ጻፈው። ለመሞከሪያ የሞላንና የእመቤትን ስም አስገባ፤ መልሱ ባዶ መሆኑ የታወቀ ነዋ! ጠየቀ። ደግሞ ጠየቀ።

«ሞላ፣ እስኪ ና» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ባዶ አይደለም።»

ስክሪኑ ላይ አንድ ስም ነበር። እንኮዬ፤ የእብናቷ እንኮዬ። የወንድ ልጇ ዘር ወደ ገሳይ፣ የሴት ልጇ ዘር ወደ ይፋግ ወርዷል። ከሞላ ወደ ላይ ሰባት፣ ከእመቤትም ወደ ላይ ሰባት።

ሞላ መጀመሪያ ሳቀ። «የሆነ ነገር አበላሽተህ ነው፣ ተነሥ» አለና ቦታውን ቀማው። የራሱን ኮድ ከፈተ። ጥያቄው የተከተተባት መስመር ላይ ሲደርስ ነገሩ ገባው። ዳታቤዙን ከአንድ እስከ ሰባት ቁጠር ሲሉት ሰባተኛውን ጨምሮ ይቆጥራል። የፕሮግራሙ ቋንቋ ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ ከአንድ እስከ ሰባት ሲሉት ሰባት ጋ ሲደርስ ይቆማል እንጂ እሱን አይነካውም። ስድስት ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሞላ ይህን የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ስንቱን ጀማሪ «ይህቺን ተጠንቀቃት» እያለ ሲመክር የኖረ እሱ ነው! ግን ጥያቄውን ሲከት ሰባቷን በፕሮግራሙ ቋንቋ ጻፋት፤ ልቡ የሚያስበው ደግሞ ሽማግሌዎች የሚቆጥሩትን ሰባት ነበር። ማሽኑም አልያዘውም፤ ለማሽኑ ምን ስህተት አለበት? ስድስት ቤት ቁጠር ተባለ፣ ስድስት ቤት ቆጠረ።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ ሙባረክ ቀስ ብሎ። «ሰባት ትውልድ ማለት እኮ ስንት ዘመን ነው! ደሙ ውኃ ሆኗል። አግባና ኑር።»

«ሌሎቹስ? በዚሁ ፕሮግራም ዘር የቆጠርንላቸው ሙሽሮች?»

«እነሱን እንደገና እንቆጥራለን። አንተን ግን ማን ይቆጥርሃል?»

 ሞላ ጃኬቱን አንሥቶ ወረደ። መናኸሪያ ሄዶ የገሳይ ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ ሊነግራት ይሂድ ሊያያት ብቻ ይሂድ ራሱም አያውቅም። ረዳቱ ሒሳብ ሲለው ስልኩን አውጥቶ ሰጠው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀበት።

ገሳይ ሲደርስ የጉና ነፋስ ፊት ይገርፍ ነበር። እመቤት መድኃኒት ቤቱን ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ አገኛት። ገና ሲያያት የሆነውን ሁሉ ዘረገፈላት። አንድም አላስቀረም። እሷ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን መልሳ ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እንኮዬ?» አለች። «ስሟን እንኳ ሰምቼ አላውቅም እኮ!»

«እኔም ከዳታቤዙ ውጪ አላውቃትም።»

«ለማን ነገርክ?»

«ሙባረክ ነው ያየው። ሌላ ማንም የለም።»

«እንግዲያው ማንም አያውቅም ማለት ነው። ስማኝ ሞላ፣ በሞቴ፣ ይህን ነገር እዚሁ ቅበረው። መቃብሯ እንኳ የማይታወቅ አሮጊት ከኔ ትበልጥብሃለች?»

«አትበልጥም።»

«ማልልኝ። አልናገርም በል።»

«ማርያምን! አልናገርም።»

እመቤት ትንፋሿን ለቀቀች። የጃኬቱን ኮሌታ አቃናችለትና «ና በል፣ እዚህ ድረስ መጥተህ ቤት ሳትገባ ብትሄድ አባባ ይቀየምሃል» አለችው። መንገድ ላይ ስለ ሚዜዎቿ ልብስ እያወራች፣ እጇን እያወናጨፈች ወሰደችው። ሞላም ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ትንሽ ቀለለው። እውነትም ማን ያውቃል? ማን ይጠይቃል?

ጋሼ ደምሴ ከአውድማ ገና መግባታቸው ነበር፤ ጋቢያቸው ላይ የገብስ እብቅ አለ። ሞላን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አማቼ! ኧረ እንኳን መጣህ! ትናንት በአንተ የተነሣ ከጎረቤት ተጣልቼልህ ነበር። ግባ፣ ተቀመጥ! እመቤት፣ ጠላ ቅጂለት እንጂ።»

«በኔ የተነሣ? ምን አደረግሁ ጋሼ?»

«በማሽንህ ነዋ! ያ ጎረቤቴ ጌጡ፣ 'ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርስ የሰው ልጅም ይጠፋዋል፣ እንኳን የሞላ ማሽን' አይለኝ መሰለህ? 'ዝም በል፣ የኔ ልጅ ማሽን ሰባቱንም ጨርሶ ነው የቆጠረ' አልሁት። ልክ አልሁ?»

አዎ ማለት ነው እንግዲህ። አዎ ብሎ ጠላውን መጠጣት። እመቤት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ታየዋለች፤ ማርያምን ብሎ ከማለላት ወዲህ ጠላው እንኳ ገና አልተቀዳም። ሞላ አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ግን ዐይን ዐይኑን ያዩታል። እንደዚያ አምኖት ያየው ሰው በዕድሜው የለም። 

«ስድስት ነው የቆጠረ፣ ጋሼ» አለ።

«ምን አልህ?»

«ስድስት ነው። የኔ ስህተት ነው፣ ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

«ሰባተኛውስ?»

«ሰባተኛው ላይ እንገናኛለን።»

«ወይ ሞላ!» አለች እመቤት። 

ጋሼ ደምሴ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ይቆጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢቆጡስ በተሻለ። እሳቸው ግን የሚለምኑ ነበር የሚመስሉት።

«ለምን ነገርኸኝ?» አሉ። «ኧረ ለምን ነገርኸኝ ልጄ? ሳልሰማ ብሞት እኮ እግዜርም አይጠይቀኝም። አሁን የሰማሁትን ምን ላድርገው?»

ሞላ መሬት ወርዶ ተንበረከከ። «ጋሼ፣ አንቱ ካሉ ይሆናል። ስድስቱ ከጠራ ሰባተኛው ላይ ዝምድናው ይለቃል የሚሉ አሉ። በእናቴ አገር እንደዚያ የሚሉ አሉ» አለ። ይህን ሲል እንኳ በልቡ ያቺን የፈረደባት መስመር እያሰበ ነበር። ማሽኑን ሰባት ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ ሳይጠይቅ ያለፈውን፣ አሁን ሰው እግር ሥር ወድቆ ይጠይቃል።

«የሚሉ ይበሉ» አሉ ጋሼ ደምሴ። «እኔ አባቴ ሲቆጥር ያየሁት ሰባቱን ጨርሶ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ሰባቱ ይቆጠር ብዬ የስንቱን አፍርሻለሁ። የራሴ ሲደርስ ስድስት ላድርገው?»

«አባባ፣ እኔ እፈልገዋለሁ» አለች እመቤት። እንባዋ ይወርዳል። «ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

«ዝም በይ ልጄ። ስትወልጂ፣ ያ ልጅ ባተኮሰው ቁጥር፣ በወደቀ ቁጥር፣ 'ያ ነገር ነው' እላለሁ። በአፌ ባልል በሆዴ እላለሁ። የልጅ ልጄን እንደዚያ እያየሁ እንድኖር ነው የምትፈልጊ?»

 እመቤት ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሞላ ተንበርክኮ ቀረ። ሽማግሌው ተነሡ፣ ክንዱን ይዘው አነሡት፣ ጉንጩንም አገላብጠው ሳሙት። ለክፋት አይደለም፤ ሰውየው ከልባቸው ነው። አንጀቱን የቆረጠውም እሱ ነው።

«እንግዲህ ሥጋችን ነህ» አሉት። «በሐዘንም በደስታም እንዳትቀርብን። እሷም በሌላ ጊዜ ስትዳር ከወገን ጋር ቆመህ ትድራታለህ። እኔም እንግዲህ ወንድ ልጅ አገኘሁ ማለት አይደል?» ለማጽናናት ነበር። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ተነሺ እመቤት፣ መሽቶበታል። ወንድምሽን ሸኚው።»

እመቤት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ተነሣች። እስከ አስፋልቱ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ፤ እጇ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። ሞላ ይቅርታ ሊላት ፈልጎ ነበር። ከጋይንት በኩል የመጣ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ ቆመላቸውና ረዳቱ አንገቱን አወጣ።

«ደብረ ታቦር! ሁለት ናችሁ?»

«እሱ ብቻ ነው» አለችው እመቤት። «ወንድሜ ነው።»