የአባቴ ጋቢ ሲሚንቶ ውስጥ

የአበባ ማስቀመጫዬን ይስበረው እንግዲህ፣ ይሞክራት፣ እኔም መዶሻ ይዣለሁ፣ አንዴ ይንካውና ግንባሩን ነው የምለው፣ ወንድሜ ከሆነስ፣ ይሁና። ክብሩ ባጃጁን በር ላይ ጥሎ ገብቶ ግቢው መሃል ቆሟል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ የአባዬን ጋቢ ሲሚንቶ ውስጥ ነከርሽው ይለኛል፣ ታቢታ፣ የሞተ ሰው ጋቢ። አዎ ነከርኩት። ሌላ ጊዜ የምነክረው አሮጌ ፎጣ ነው፣ ሲሚንቶውን እንደ አጥሚት በጥብጬ፣ ጨርቁን አጥግቤ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ጣል፣ ሲደርቅ ገልበጥ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሐይቅ ዳር ያሉት ሎጆች እጥፋቱን ይወዱታል፣ ግን የጋቢን ያህል የሚያምር እጥፋት ያለው ጨርቅ የለም፣ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ እንደ ባለቤቱ አይጠግብም።

ትናንት ስነክረው ተጭኜ ነው የደፈቅኩት፣ እንደ ሰው፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ፣ ጓንቴ ተቀዶ ሲሚንቶው ጣቴን በላው፣ ደስ አለኝ።

የአባት ጋቢ ለወንድ ልጅ ነው ይላል፣ አውጪልኝ። ምኑ ናፈቀህ አንተ ጅል፣ ጀርባህን በቀበቶ የላጠህ ማን ነው፣ እማዬን ከግድግዳ ጋር ያላተማት ማን ነው፣ ቀብሩ ላይ ወንጌላዊው፣ አባታችን በትዕግሥታቸው ምሳሌ የነበሩ ሰው፣ ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ፣ እኔ አልጋ ሥር ተደብቄ የማየው የዚያን ጋቢ ጫፍ ነበር፣ ወለሉን እየጠረገ ወደ እኔ ሲመጣ። ክብሩ ግን፣ ከመታኝ በኋላ ያለብሰኝ ነበር ይላል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ አልብሶኝ እስክተኛ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር፣ አንቺ አላየሽም። አላየሁም። ዝም በል። አንድ ቃል ብትጨምር ጥርስህን ነው የማረግፈው።

ክብሩ ድንጋይ አነሳ። ማስቀመጫውን መታው። መዶሻዬም ተነሳ፣ ማጅራቱ ፊቴ ነው፣ ቀጭን ነው፣ የቀበቶው ጠባሳ እዚያው አለ፣ አንድ ምት ይበቃዋል፣ ከዚያ ሁሉም ያርፋል፣ እኔም፣ እሱም፣ ምን ሆኛለሁ፣ ክንዴ አየር ላይ ቀረ። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም፣ ጋቢው ይዞታል፣ ክብሩ ከባልዲው ላይ ያላቅቀዋል፣ ትከሻው ላይ ይጭነዋል፣ ጠርዙ አንገቱን ይቧጥጠዋል፣ ደም፣ ግድ የለውም፣ ሊለብሰው ይታገላል፣ ልጆች የወለደ ሰው፣ አይታጠፍም ታቢ ይለኛል፣ አይታጠፍም እኮ።

አምጣው፣ አላላልሃለሁ። ያዝልኝ። መሬት ላይ እናጋድመዋለን፣ እመታዋለሁ፣ ፍርፋሪው ፊታችን ላይ ይረጫል፣ እመታዋለሁ፣ ይሄ የእማዬ፣ ይሄ የአልጋው ሥር፣ ይሄ የክብሩ ጀርባ፣ ክንዴ ይነድዳል፣ ያስቆመኛል ብዬ እጠብቃለሁ፣ በቃሽ ይለኛል ብዬ፣ እሱ ግን ተንበርክኮ ጫፉን በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞልኛል፣ እያለቀሰ፣ እዚህ ጋ ገና አልላላም ይላል፣ እዚህም ጋ ምቺው።