በግራው እግር ላይ የነበረችው ጭረት

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግራ እግሩ ተሰብሮ በክንፉ ተደፋ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። እኔ የጥገናው ኃላፊ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ታናሽ ወንድሜን ነው፤ ያን እግር የሚፈትሸው እሱ ነዋ! "አሁን እናያለን ወርቅ እጁን" አልኩ በሆዴ።

ወርቅ እጁ ያሉት ሠራተኞቹ ናቸው። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ፣ የሚመሰገነው እሱ። እናታችን ሳትቀር ስትደውልልኝ የምትጠይቀኝ "ልጄ በላ?" ብላ ነው፤ እኔ የጎረቤት ልጅ ነኝ መሰለኝ።

አደጋውን ልታጣራ የመጣችው መርማሪ የተሰበረውን ብረት በማጉያ አሳየችን። ስንጥቁ እንደ ተቆረጠ ግንድ መስመር በመስመር ተነባብሯል።

"ብረትም ይደክማል፤ ባረፈ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ሲሰነጠቅ ከርሟል" አለች። "የጀመረው ከዚህች ጭረት ነው። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የተጫረች ናት። እንዴት ታለፈች?"

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። "አንተ! ዓይንህ የት ነበር?"

አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ ግን ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣች። የወንድሜ ጽሑፍ ነው፤ "ግራው እግር ላይ ጭረት አለ፤ ተፈትቶ ይመርመር" ይላል። ከሥሩ በቀይ "አያስፈልግም" ተብሎ ተፈርሟል። ፊርማው የእኔ ነው። የእሱን ማስታወሻ ሳላነብ በቀይ መመለስ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል፤ ሲራቀቅብኝ ደሜ ይፈላ ነበር።



"ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። "ለወንድም ጋሼ በቃልም መንገር ነበረብኝ።"

መርማሪዋ በአድናቆት አየችው። እኔም እዚያው እንደቆምኩ፣ በዚህም በለጠኝ ብዬ ቀናሁ።