የወንዱ በቀቀን ሕመም

በሐምሌ ሙቀት አሠሪዬ ማዳም ልጆቿን ይዛ ፈረንሳይ ስትሄድ፣ በሰው አገር የምሠራበትን የጋቦዴ ሰፈር ቤትና ሁለት አረንጓዴ በቀቀኖች ለእኔ ተወችልኝ። ሴቷ በሳጥኗ ውስጥ እንቁላል ታቅፋ ነበር። «ወለላ፣ አደራ» አለችኝ ማዳም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ለወፎቹ ውሃ ማስቀመጥ ረስታ ነው የተባረረችው። እኔ ደግሞ መባረር አልችልም፤ ድሬዳዋ እናቴ ጋ ያለችው ልጄ የምትበላው ከዚህ ቤት ነው።

ሦስት ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ላባ የላቸው፣ ዓይናቸው አልተከፈተ፣ እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ናቸው። በነጋታው ወንዱ ሳጥኑ በር ላይ ቆሞ አንገቱን እየናጠ ሲያስመልስ አየሁት፤ ያውም ሚስቱ አፍ ውስጥ። ክው አልኩ። እኛ ቤት የታመመ ዶሮ ሌሎቹን ሳያስይዝ ይለያል፤ ቅርጫት ይደፋበታል። እኔም ወንዱን ይዤ አሮጌ የሽቦ ቤት ውስጥ ከትቼ ወጥ ቤት አስቀመጥኩት። ነጭ ሽንኩርት የነከርኩበት ውሃ ሰጠሁት፤ ደፋው። ሰደብኩት።

በሁለተኛው ቀን ጫጩቶቹ ዝም አሉ። እናታቸው ከላያቸው አልነሳ ብላ ጥሬዋን አልነካችም። ትንሿ አንገቷን ማንሳት አቃታት። በጣም ፈራሁ። የጎረቤቱን ዘበኛ ጋሽ ኢስማኤልን ሮጬ ጠራኋቸው። የዚሁ አገር ሰው ሆነው በባቡር ሲሠሩ ድሬዳዋ አማርኛ የለመዱ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ጣሪያ ላይ እርግብ የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው።

ነግሬያቸው ሳልጨርስ ሳቁ።

«አላመመውም እኮ አንቺ። እያጎረሳት ነው።»

«ምን?»

«የበላውን ከጉሮሮው አውጥቶ ለእሷ ያጎርሳል፤ እሷ ደግሞ ለልጆቹ። እንዳይበርዳቸው ብላ አትነሳም፣ ታዲያ ማን ያብላት? መልሺው፣ ቶሎ በይ።»

የጉርሻ አገር ሰው ሆኜ ጉርሻ በሽታ መሰለኝ። አፈርኩ።

ይቅርታ እያልኩ ሳወጣው ጣቴን ነከሰኝ፤ እውነቱን ነው። ገብቶ ጥሬውን ጥግብ ብሎ በላና ሳጥኑ በር ላይ ሄዶ አንገቱን ናጠ። ሴቷ አፏን ከፈተች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሌላ። ሦስተኛው እስኪሰማ ያየሁትን ጭንቅ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ትንሿም ጮኸች። ማዳም ስትመለስ ሦስቱንም ታገኛለች፤ እኔንም።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ጋሽ ኢስማኤል በር ላይ ቆመው ያዩኛል። «አንቺስ፣ በልተሻል?» አሉ።

ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ያኔ ትዝ አለኝ። በወረቀት የጠቀለሉትን ምሳቸውን ፈትተው ዳቦውን ቆረሱ፣ ዓሣ ጠቀለሉበትና ወደ አፌ ዘረጉልኝ።

«ድሬዳዋ ነው የለመድኩት» አሉ።

እንባዬን ሳልጠርግ አፌን ከፈትኩ።