የጠራዡ ምላስ

መጽሐፍ ጠራዡ ዳቦ በተከለከለ ዕለት ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት አይታ ስትጨርስ በሽታው ሴሊያክ ይባላል አለች። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ወደ ሆዱ በገባ ቁጥር የገዛ ሰውነቱ ተነሥቶ አንጀቱን ያቆስለዋል። አንጀት ሲቆስል ደግሞ የበሉት አይጠቅምም፤ ሰውየው ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል። የሚዋጥ ክኒን የለውም። መድኃኒቱ አለመብላት ብቻ ነው።

«ትንሽስ?» አለ ጠራዡ ወለሉን እያየ።

«ትንሽም» አለች ሐኪሟ። «ፍርፋሪም ቢሆን።»

ሚስቱ እንዲህ ያለውን ነገር ሰምታ እንደ ዋዛ የምታልፍ ሰው አልነበረችም። ቤት እንደገባች ዱቄቱን፣ ማካሮኒውንና ብስኩቱን ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠች። ወንፊቱን ጣለች። ዳቦ ሲቆረጥበት የኖረውን ጣውላም ጣለች። ለአንድ ሰው ለብቻው ማብሰል ለስሕተት በር መክፈት ነው ብላ ልጆቹም እሷም ስንዴ እንዳይነኩ አዘዘች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ በጤፍ፣ በሩዝ፣ በድንች፣ በበቆሎና በእንቁላል መተዳደር ጀመረ። ትንሹ ልጅ አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ «አባዬ መቼ ነው የሚድነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ስለ አባቱ ሳይሆን ስለ ብስኩት እንደሆነ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ለዚህ ሕግ ያልተገዙት አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ብቻ ናቸው። «በእኛ ጊዜ ሆድ የሰጡትን ይቀበል ነበር። የዛሬ ሆድ ደግሞ ያማርጣል!» ይሉና ጎረቤት ይሄዳሉ። ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ነው።

ወራት አለፉ። ጠራዡ አልወፈረም። ሆዱም መንፋቱን አልተወም። ሐኪሟ ደሙን እንደገና አስመረመረችና ውጤቱን ስታይ ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«ምንም አልተሻለም» አለች። «ከአንድ ቦታ እየገባ ነው።»

ይህን ብላ ጠራዡን አየችው። ሚስቱም አየችው።

እዚህ ላይ ስለ ጠራዡ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ዓይን አፋር ሰው ነው። ጠንከር ብሎ የጠየቀው ሰው ካለ ያላደረገውንም ያደረገ ይመስላል። ጆሮው ይቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። በዚያች ሰዓትም እንደዚያው ሆነ።

ከሐኪም ቤቱ ወጥተው መንገድ ላይ ደረሱ። ሚስቱ፣ «ንገረኝ፣ አልቆጣም» አለችው።

«ምን ልንገርሽ?»

«የት እንደምትበላ።»

«አልበላሁም።»

«እሺ፣ ማን ነው የሚሰጥህ?»

«ማንም አልሰጠኝም። አልበላሁም አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው መሬት መሬት የምታየው?»

ሚስቱ ቆመች። ድምጿን አልጨመረችም፤ ጨምራ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«አየህ፣ ዳቦ መብላትህ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ልጆቼን ከልክዬ፣ ራሴን ከልክዬ፣ አንተ ዓይኔን እያየህ መዋሸትህ ነው። ሐኪሟ አንድ ጊዜ ደግማ ታይሃለች። ያኔም እንዲሁ ከሆነ ልጆቹን ይዤ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ለዳቦ የሚዋሽ ሰው ለሌላው ነገር ምን ያቅተዋል?»

እንዳለችው የምታደርግ ሴት መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ፈራ።

ከዚያ ወዲህ በሩን ገና ሲያልፍ፣ «እስቲ አፍህን» ትለዋለች፤ አፉን ይከፍታል፤ ታሸተዋለች። ኮቱን ስትሰቅል ኪሱን ትገለብጣለች። አማቱ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ሌላ ሴት ባሏ ኪስ ውስጥ የምትፈልገው የሴት መሐረብ ነው። የኔ ልጅ ፍርፋሪ ትፈልጋለች» ይላሉ። ጠራዡ ራሱም ግራ ገባው። በእንቅልፍ ልቡ እየተነሣ ይበላ ይሆን ብሎ ራሱን ጠረጠረ። ግን ቤት ውስጥ ዳቦ የለም፤ የውጭው በር ቁልፍ ደግሞ የሚያድረው በአማቱ ትራስ ሥር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ጥረዛ ቤቱ መጣች።

ጥረዛ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል ጀርባቸው የተገነጠለ፣ ገጻቸው የተበተነ መጻሕፍት እስከ ጣሪያው ተከምረዋል። በኋለኛው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ የብረት መጭመቂያና አንድ ቡታጋዝ አለ። የቤቱ ባለቤት ጠራዡን ከልጅነቱ ጀምረው ሙያ ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው። ሚስቱን በር ላይ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ» አሏት። «ባልሽ ከዚህ ክፍል የሚወጣው ለሽንት ብቻ ነው። እሱንም ከፈለግሽ ተከተይው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዝም ብዬ ነው የመጣሁት። ቤት መዋል ሰለቸኝ።»

«ይገባኛል። እኛም የሰለቸው ሰው ሲመጣ ደስ ይለናል።»

ወንበር ሰጧት። ጠራዡ ጆሮው ቀላ፤ በልቡ ግን ደስ አለው። ትይ፣ አለ ለራሱ፤ ቀኑን ሙሉ ትይ። የተበተኑትን ገጾች ሰብስቦ፣ ክሩን በከንፈሩ አርጥቦ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ አስገባና መስፋት ጀመረ። ሚስቱ ጠረጴዛው ሥር አየች። መሳቢያውን ሳብ አድርጋ አየች። ወስፌና የቆዳ ቁራጭ ብቻ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ራሷ የቋጠረችለትን ሩዝና እንቁላል አውጥቶ በላ። በዚያው መሐል መንገድ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ለሽማግሌው ትኩስ ዳቦ ይዞ ገባ። ይህ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር «እንካ ቅመስ» ስለሚል ሰፈሩ ስሙን ትቶ እንካ ቅመስ ይለዋል።

«እንካ ቅመስ» አለው ጠራዡን። «ቁራሽ አይገድልም።»

«ይቅርብኝ።»

«ተመልከቺ» አለ ዳቦ ጋጋሪው ወደ ሚስቱ ዞሮ። «እኔ ዳቦ ነው የምሸጠው፤ ይሄ ሰው ግን መርዝ ይዤበት የመጣሁ ይመስል ይሸሸኛል።»

ሚስቱ አላመነችም። እኔ ስላለሁ ነው ብላ አሰበች። ወንዶች እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ ብላም አሰበች። ቢሆንም ነገሩ ሰለቻት፤ ልትሄድ ቦርሳዋን አነሣች።

ያን ጊዜ ሽማግሌው፣ «ሙጫ አልቋል፣ ልጄ» አሉ።

ጠራዡ ተነሣ። እግሩ ሥር ካለው ከረጢት ዱቄት ዘገነና በቀዝቃዛ ውኃ በጠበጠ። ቡታጋዙን ለኮሰ። እንዳይጓጉል ሳያቋርጥ እያማሰለ ነጩ ብጥብጥ ግራጫ መስሎ እስኪወፍር ጠበቀ። ከዚያ አውርዶ ትንሽ አቀዘቀዘው፤ ጣቱን ነከረ፤ ላሰው። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በምላሱ አመላለሰውና ዋጠ። «ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ መልሶ ጣደው። እንደገና አወረደ፤ እንደገና ላሰ።

«ምንድን ነው የምትቀምሰው?» አለች ሚስቱ።

«ሙጫ ነው።»

«ሙጫ ይቀመሳል?»

«ይቀመሳል እንጂ። ጥሬ ጥሬ ካለ አልበሰለም፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ያደረውም ኮምጥጦ እንደሆነ ወረቀት ያበላሻል። ጋሼ ሲያስተምሩኝ በምላስ ነው ያስተማሩኝ።» ስለ ሥራው ሲጠየቅ ምላሱ አይተሳሰርም።

«ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከዱቄት።»

«ከምን ዱቄት?»

ጠራዡ አፉን ከፈተና እንደተከፈተ ቀረ። ጣቱ እንደረጠበ አየር ላይ ቆመ። ይህ ሰው ሐኪሟ የነገረችውን አንድም ቃል አልረሳም ነበር። ግብዣ ቤት ሾርባ እንኳ ሲቀርብለት ዱቄት ገብቶበት እንደሆነ ሳይጠይቅ ማንኪያ አያነሣም። ነገር ግን ለእሱ መብላት ማለት ሳህን ላይ የቀረበ ነገር ነው። ሙጫ መሣሪያ ነው፤ እንደ መቀስ፣ እንደ ወስፌ። መቀሱን በላሁት ብሎ የሚያስብ ልብስ ሰፊ የለም።

የመለሱላት ነገሩ ገና ያልገባቸው ሽማግሌው ናቸው። «የስንዴ ነዋ! ሌላው ዱቄት ምን ወገብ አለው?»

ሚስቱ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትልሰው?» አለች ሚስቱ።

«እንጃ። ቆጥሬው አላውቅም።» መሬት መሬት ያይ ጀመር። «ክሩንም…»

«ክሩን ምን?»

«በከንፈሬ ነው የማረጥበው።»

ሚስቱ ጣቶቹን አየች። ሙጫው ደርቆ እስከ አንጓቸው ድረስ እንደ ቅርፊት ተለጥፎባቸዋል። ስታገባውም እንዲሁ ነበሩ። ወንበሩ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች።

«እኔ እኮ ኪስህን ስበረብር ነው የከረምኩት» አለች።

«አላወቅሁም።»

«አንተ ካላወቅህ ማን ይወቅልህ? ከረጢቱ እግርህ ሥር ነው እኮ!»

«አዎ» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እውነተኛነቱ ብቻ ነበር የቀረው፤ አሁን እሱም እንደ ሞኝነት መታየት ጀመረ።

ሽማግሌው ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸው። ጺማቸውን ዳበሱ። «ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን ስልስ ምነው ምንም አልሆንኩ?»

«እርስዎን ሐኪም አልከለከለዎትም፣ ጋሼ» አለች ሚስቱ።

«ይሁን።» ከረጢቱን በእግራቸው ወደ በሩ ገፉት። «ስንዴ ሲወደድ በሩዝ ሠርተን እናውቃለን። ቀጭን ነው፤ ሲይዝም ይዘገያል። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይይዛል። እዚህ ቤት ደግሞ ዱቄት ብን እያለ ስንቱ ነገር ላይ አርፏል! ነገ አንተ አትምጣ፤ ሰው ጠርቼ ቤቱን አሳጥባለሁ። ክሩን ግን በምን ልታረጥብ ነው?»

«በስፖንጅ» አለች ሚስቱ።

«በስፖንጅ» አሉ ሽማግሌው፤ ሙያው ሲዋረድ እንደሚያይ ሰው።

ጠራዡ እጁን በሳሙና ታጠበና ሚስቱን ተከትሎ ወጣ። መንገድ ላይ ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልጠበቀም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ወሰዱ። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሐኪሟ ዘንድ ሳይደርሱ የሚስቱ ልብ ምን ወሰነ? በልቷል፤ ያውም በየቀኑ። ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ ያለችውም የበላ እንደሆነ ነው።

እራት ቀረበ፤ ድንችና እንቁላል ነበር። አማቱ መጠበቅ አቃታቸው።

«እህ፣ ያዝሽው?»

«ያዝኩት» አለች ሚስቱ።

አማቱ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ብዬሽ ነበር! ሲበላ?»

«ሲበላ።»

ልጆቹ አባታቸውን አዩ። ጠራዡ ሳህኑን አየ፤ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀላ።

«ሙጫ ነው ሲበላ የያዝኩት» አለች ሚስቱ። «የመጻሕፍት ሙጫ። ከስንዴ ነው የሚሠሩት፤ ሲልሰው ነው የሚውለው። ዳቦ አልበላም። አልበላሁም ሲለኝ እውነቱን ነበር፤ እኔ ነኝ ያላመንኩት። እማዬ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዋሸ ብሎ የሚናገር እንዳይኖር።»

ይህን ያለችው ልጆቹ ፊት፣ እናቷም ፊት ነው። ጠራዡ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፤ ከዚያ ድንቹን መቁረጥ ጀመረ።

አማቱ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ሙጫ» አሉ። «ሰው ዳቦ ቀርቶበት ሙጫ ይበላል?» ከዚያ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ይጣፍጣል?»

ጠራዡ የተጠየቀውን በቁም ነገር አሰበበት። ሁሉም ጠበቁት።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

መጀመሪያ የሣቀችው ትልቋ ልጅ ናት። ከዚያ አማቱ። ሚስቱ ሣቋን ለመዋጥ ታገለች፤ አልሆነላትም። እንባዋ እስኪፈስ ሣቀችና፣ በሣቋ መሐል እጇን ዘርግታ ከራሷ ሳህን ላይ አንድ ድንች አንሥታ የእሱ ሳህን ላይ አስቀመጠች።